የሙዚቃ ቴራፒ በቪዲዮ ጥሪ፦ ከኦቲስቲክ ልጅ ጋር በአንድ ምት መጫወት ለምን አቃተን?

ቃና_በርቀት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው በቪዲዮ ጥሪ ስለምከታተለው አንድ የ6 ዓመት ልጅ ነው። ኦቲስቲክ ነው። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የሰማውን ሐረግ ግን ከነዜማው መልሶ ይለዋል። ከበሮና ኪቦርድ ይወዳል። የያዝናቸው ዓላማዎች ሦስት ናቸው፦ ተራ መቀባበል፣ ጨዋታን ራሱ መጀመር፣ "ይበቃኛል" ማለት። በሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ እንገናኛለን። እነሱ ጋ ታብሌት አለ፣ እኔ ጋ ላፕቶፕና ኪቦርድ። እናቱ አጠገቡ ትቀመጣለች።

ያስቸገሩኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። አብረን ስንዘምር ፍጥነቱ እየወረደ ይሄድና ዘፈኑ ይፈርሳል። ከበሮውን ሲመታ አንዳንዱ ምት ጭራሽ አይሰማኝም፣ ሌላው ውኃ ውስጥ እንዳለ ታፍኖ ይመጣል። ስምንተኛው ደቂቃ አካባቢ ከታብሌቱ ፊት ተነሥቶ ይሄዳል፣ ወይም ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ጥሪውን ይዘጋዋል። እናቱ ደግሞ ልትረዳው ብላ እጁን ይዛ ታስመታዋለች፤ ምን ብዬ ልምራት? ተግባራዊ ዝርዝር የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

---

ሽቦና_ድምፅ

ከድምፁ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ የቆመ ነው።

በተራ የቪዲዮ ጥሪ ሁለት ሰው በአንድ ምት ላይ አብሮ መጫወት አይችልም። ጥፋቱ የእርስዎም የልጁም አይደለም። ሙዚቀኞች ምታቸው ሳይንሸራተት አብረው የሚጫወቱት ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው በ25 ወይም በ30 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ሲደርስ ነው፤ ይህም ድምፅ በአየር ላይ ከ8 እስከ 10 ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት ጊዜ ያህል ነው። የጥሪ መተግበሪያ የሚሠራው ግን ለንግግር ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ መዘግየትን ጥሩ ይለዋል፤ ለሙዚቃ ይህ ከገደቡ አምስት እጥፍ ነው። ፍጥነቱ የሚወርደው እርስዎ ልጁን ሲጠብቁ፣ ልጁም እርስዎን ሲጠብቅ ነው። እያንዳንዱ ዙር ትንሽ ጊዜ ይጨምራል፤ ከስምንት ምት በኋላ ዘፈኑ አይታወቅም።

የእናንተን መስመር መዘግየት ለማወቅ ልጁ በሌለበት ይህን ይሞክሩ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው ለራስዎ ብቻ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለው ጮክ ብለው ይቁጠሩና አራተኛው ላይ ዝም ይበሉ፤ እናቱ አራተኛው ላይ ታጨብጭብ። በ60 ፍጥነት አንድ ምት 1000 ሚሊ ሰከንድ ነው። ጭብጨባዋ ከእርስዎ አራተኛ ምት በኋላ የምቱን እኩሌታ ያህል ዘግይቶ ከደረሰ የደርሶ መልስ መዘግየቱ 500 ገደማ ነው። ሜትሮኖሙን በጥሪው በኩል አያሰሟት፤ ጫጫታ ማጥፊያው ይበላዋል።

የከበሮው መጥፋትም ከዚሁ ጫጫታ ማጥፊያ ይመጣል። መተግበሪያው የሰው ንግግር ያልመሰለውን ሁሉ ይቆርጣል፦ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ሼከር (ሲወዘወዝ የሚንሿሿ መሣሪያ)፣ ረዥም የፒያኖ ድምፅ። በዙም ላይ "ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሚዩዚሽያንስ" የሚባለውን በኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ይምረጡ። ከዚያም ጥሪው ውስጥ ሆነው ከላይ ያለውን ማብሪያ ያብሩት፤ ሴቲንግ ውስጥ መምረጥ ብቻውን አይበቃም። በታብሌትም አለ፤ ቦታው ግን በየሥሪቱ ስለሚቀያየር እናቱን በስክሪን ማጋራት ቢመሯት ይሻላል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ይህ ማብሪያ የሚለውጠው የሚላከውን ድምፅ ነው። እርስዎ ሲያበሩት ልጁ የእርስዎን ኪቦርድ በደንብ ይሰማል። የልጁን ከበሮ እርስዎ እንዲሰሙ ግን መብራት ያለበት እነሱ ታብሌት ላይ ነው። እርስዎ የሚሰሙት የታፈነ ድምፅ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ኢኮ (የገደል ማሚቶ) ማጥፊያው ሌላ ጉዳይ ነው። እርስዎ ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ ካደረጉ በእርስዎ በኩል ሊያጠፉት ይችላሉ። ልጁ ግን በስፒከር ስለሚሰማ እነሱ ጋ ካጠፉት የራስዎ ድምፅ ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ወደ ሹል ጩኸት ያድጋል፣ ለድምፅ ስሱ ለሆነ ልጅ ደግሞ ይህ ክፍለ ጊዜውን የሚያበላሽ ነው። ስለዚህ እነሱ ጋ ይብራ። ዋጋው ግን አለ፦ ሁለታችሁም እኩል ድምፅ ስታወጡ ማጥፊያው የልጁንም ከበሮ አብሮ ይቀንሰዋል። የእሱን ምት በትክክል መስማት ሲፈልጉ እርስዎ ዝም ማለት አለብዎት።

ብሉቱዝ አይጠቀሙ። መቶ ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ መዘግየት ይጨምራል፤ ማይኩም አብሮ ሲሠራ የድምፁ ጥራት ወደ ስልክ ጥሪ ይወርዳል። ማይኩን ራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን አውቶማቲክ ማስተካከያም ያጥፉት፤ ካልጠፋ ከኃይለኛ ምት በኋላ የልጁ ቀጭን ድምፅ ይሰወራል። ከበሮው ከታብሌቱ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፣ ከላዩ ስስ ጨርቅ ይደረግበት።

ኔትወርኩን በተመለከተ፣ ዙም ለሁለት ሰው ጥሪ በላኪም በተቀባይም በኩል 600 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚያንሰው የመላኪያው ፍጥነት ነው። ሲደክም ኤችዲ ቪዲዮን ያጥፉ፤ ምስሉ ቢደበዝዝ ይሻላል፣ ድምፁ ከሚቆራረጥ። "ሃይ ፊደሊቲ" የሚለውን የከፍተኛ ድምፅ ጥራት ምርጫም ላፕቶፑ በኬብል ካልተገናኘ ይተዉት።

ጃክትሪፕና ጃሙለስ የሚባሉ ለሙዚቃ የተሠሩ ፕሮግራሞች መዘግየቱን በእጅጉ ይቀንሳሉ። ነገር ግን በሁለቱም በኩል የኔትወርክ ኬብል፣ ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫና ጥሩ የድምፅ ካርድ ይፈልጋሉ፣ ጃሙለስም ቪዲዮ የለውም። መሣሪያ አብሮዎት ለሚጫወት ኦቲስቲክ ወጣት ወይም አዋቂ ይሞክሯቸው። የጆሮ ማዳመጫ ለማይቀበል የ6 ዓመት ልጅ አይሆኑም።

---

አውጪና_ተቀባይ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፦ መዘግየቱን ከመታገል "በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሰዓቱ የማን ነው?" ብሎ መወሰን ይሻላል። መልሱ ሁልጊዜ "የልጁ ክፍል" መሆን አለበት። ምቱ እሱ ጋ ከተስተካከለ እርስዎ ጋ ቢዘገይ የሚጎዳ ነገር የለም።

ቀላሉ መንገድ አውጪና ተቀባይ ነው። እርስዎ አጭር ሐረግ፣ ሁለት ባር (ሁለት የምት ዙር) ብቻ፣ ይጫወታሉ፤ ይቆማሉ፤ እሱ ይመልሳል። በአካል ሲሆን 5 ሰከንድ የሚጠብቁ ከሆነ በጥሪ ከ8 እስከ 10 ይጠብቁ። ደርሶ መልሱ ብቻውን ግማሽ ሰከንድ ይበላል፤ ልጁም ከጠፍጣፋ ስክሪን ላይ "ተራህ ደረሰ" የሚለውን ለመረዳት ጊዜ ይፈልጋል። ተራውን በዓይን ያሳዩት፦ እጅዎን ከቁልፎቹ ላይ ሙሉ በሙሉ አንሥተው ትከሻዎ ላይ ያድርጉት። ዝምታ ብቻ በጥሪ ላይ አሻሚ ነው፤ ኔትወርክ የተቋረጠ ሊመስለው ይችላል።

አብሮ መምታት የግድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ለመራመጃ ዘፈን፣ እርስዎ ይመራሉ እንጂ አይከተሉም። ወደ እርስዎ የሚመጣውን ድምፅ ዘግተው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ቀጥ ባለ ፍጥነት ይጫወቱ። ልጁ ከሚሰማው ጋር እኩል እየመታ ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን ዘግይቶ ስለሚሰማ ከተከተሉት ያበላሹበታል።

ከሁሉ የምወደው ግን የተቀዳ አጃቢ በልጁ ክፍል ውስጥ ማጫወት ነው። የ2 ደቂቃ አጃቢ ቀድተው ለእናቱ አስቀድመው ይላኩላት፤ በየአራት ባሩ ሁለት ባር ባዶ ይሁን፣ እዚያ ልጁ ይገባል። ከታብሌቱ ውጭ በሆነ ሌላ ስልክ ታጫውተው። በታብሌቱ ላይ ከተጫወተ ጥሪው ያፍነዋል። በዚህ መንገድ ልጁና አጃቢው በአንድ አየር ውስጥ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በአንድ መስመር ስለሚመጡ ለእርስዎም እኩል ሆነው ይሰማሉ። ያኔ ምቱን እንደያዘ ወይም እንደሳተ በጆሮዎ ማወቅ ይችላሉ፤ በጥሪ ላይ ይህን የሚሰጥ ሌላ ዘዴ አላውቅም። የኦሪጅናል ሳውንዱ ማብሪያ እነሱ ጋ ካልበራ ግን አጃቢው ወደ እርስዎ ሳይደርስ ይጠፋል።

ምት የሌለው ጨዋታም አለ። ኪቦርድ ቤታቸው ካለ ልጁ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ይንካ፤ አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት) ስለሆኑ የትኛውም ከየትኛውም ጋር አይጣላም። እርስዎ ከታች ሁለት ጥቁር ቁልፎችን ይዘው ረዥም፣ የማይቋረጥ ድምፅ ያቆያሉ። እዚህ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አያውቀውም፤ ለማረጋጊያም ጥሩ ነው። በፒያኖ ቃና ሳይሆን ድምፁ በማይሞት የኦርጋን ወይም የስትሪንግ ቃና ያድርጉት።

ስለ ስምንተኛው ደቂቃ፦ 30 ደቂቃ በስክሪን ፊት ለዚህ ልጅ ረዥም ነው። በ20 ይጀምሩ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ማለትም ራሱ ከመነሣቱ በፊት፣ የመንቀሳቀሻ ዘፈን ያስገቡ። ተነሥቶ ቢሄድም ከክፍለ ጊዜው ወጣ ማለት አይደለም፤ ድምፅ ይከተለዋል። የሚያደርገውን እያዩ ይዝፈኑለት፦ "ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ቆመ፣ ዘለለ"፤ ቃሉ በእሱ እርምጃ ፍጥነት ይሁን። ብዙ ጊዜ ወደ ታብሌቱ የሚመልሰው ጥሪ ሳይሆን ይህ ነው። ታብሌቱን ወለል ላይ ሲቀመጥ በዓይኑ ከፍታ፣ ከእሱ 1 ሜትር ከ20 ገደማ አርቀው በማቆሚያ ላይ ያድርጉት፤ ክፍሉ በሰፊው ይታይ።

ለቀዩ ቁልፍ፦ አይፓድ ከሆነ "ጋይድድ አክሰስ" የሚባለውን በአክሰሲቢሊቲ ሴቲንግ ውስጥ ያብሩ፤ ጥሪው ከገባ በኋላ የአይፓዱን የላይ ወይም የሆም ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጭኖ መጀመርና የስክሪን ንክኪን በሙሉ ማጥፋት ይቻላል። የአንድሮይድ አፕ ፒኒንግ ግን ከመተግበሪያው እንዳይወጣ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ቀዩ ቁልፍ መሥራቱን ይቀጥላል። ለእሱ መፍትሔው መሣሪያውን ከእጅ ማራቅ ወይም ላፕቶፕን በኤችዲኤምአይ ኬብል ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ነው።

ለእናቱ፦ ልጁ ሳይገባ 5 ደቂቃ ብቻዋን ያግኟት። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ሥራ ብቻ ይስጧት፦ "በዚህኛው የራስሽን ከበሮ ምቺ"፣ "በዚህኛው አጃቢውን አብሪና አጥፊ"። በጨዋታው መሃል መመሪያ ካበዙባት የልጁን ሙዚቃ የሚሸፍነው የእርስዎ ንግግር ይሆናል። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ከበሮዎች፣ አንዱ ለልጁ አንዱ ለእናቱ፣ ቤት ውስጥ ይኑሩ፤ ልጁ ስክሪን ላይ ያለን እጅ ከሚኮርጅ አጠገቡ ያለችውን እናቱን መኮረጅ ይቀለዋል። ሼከር የሚሠሩ ከሆነ ደረቅ ጥራጥሬ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው፤ ክዳኑ በማጣበቂያ ተይዞ ከላይ በወፍራም ፕላስተር ይጠቅለል፤ ነገር ወደ አፉ የሚከት ልጅ ከሆነ ፈጽሞ አይስጡት።

---

መስማት_ይቀድማል

የንግግርና ቋንቋ ቴራፒስት ነኝ። ከላይ ባሉት አብዛኞቹ እስማማለሁ፤ አንዱን ግን እቃወማለሁ፦ የሚመጣውን ድምፅ ለ90 ሰከንድ መዝጋት። ይህ ልጅ ቃላቱ ጥቂት ናቸው። መጨነቁን የሚነግርዎት በድምፁ ነው፤ በዚያ መሃል የሚያወጣው ቀጭን ማቃሰት ምስሉ ላይ ላይታይ ይችላል። ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ መዝጋት አይገባም።

እጁን ይዞ ማስመታት ይቁም። የተመታው ከበሮ የልጁ መልስ አይደለም፤ የእናቱ ነው። በተራ መቀባበል ላይ የሚመዘግቡት ሁሉ ይበላሻል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አካሉን ሌላ ሰው እንዲያንቀሳቅሰው መልመዱ ለልጁ ደኅንነት ጥሩ አይደለም። ለእናቱ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ይስጧት፦ መጀመሪያ ጠብቂ። አሥር ሰከንድ ካለፈ በራስሽ ከበሮ አሳዪው። አሁንም ካልሆነ ከበሮውን ወደ እሱ አስጠጊለት። ከዚያ በኋላ ተራው ያልፋል፤ ዘፈኑ ይቀጥላል፤ ማንም አላጠፋም።

"ይበቃኛል" ማለትን ዓላማ አድርገው ከያዙ፣ ሲለው ነገሩ በእርግጥ መቆም አለበት፣ በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ። በጥሪ ላይ ይህ በቀላሉ ይከሽፋል፦ "ይበቃኛል" የሚለውን የሥዕል ካርድ ከካሜራው ውጭ ያነሣዋል፣ ወይም እርስዎ ዓይንዎ ቁልፎቹ ላይ ነው፣ ወይም ምስሉ ቆሟል። እሱ "ይበቃኛል" ይላል፣ ሙዚቃው ይቀጥላል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ ካርዱ እንደማይሠራ ይማራል። ስለዚህ ማቆሚያው ልጁ ክፍል ውስጥ ይሁን፦ እናቱ ካርዱን ባየች ቅጽበት አጃቢውን ታጥፋ፣ የታብሌቱን ድምፅ ዝቅ ታድርግ፣ ከዚያ ለእርስዎ ታሳይ። እርስዎን መጠበቅ የለባትም።

የሚደግማቸውን ሐረጎች እንደ ችግር አይዩ። ከነዜማው የሚለው ሐረግ ለዘፈኑ ዝግጁ የሆነ ዕቃ ነው። በምን ከፍታ እንደሚለው በኪቦርድዎ ፈልገው ያግኙት፣ በዚያው ቃና ላይ አጭር ዘፈን ይሥሩ፣ የሐረጉን መጨረሻ ባዶ ይተዉለት። እየቆየ የአንዱን ቃል ቦታ ይቀይሩ። በቪዲዮ ጥሪ ይህ በጣም ይሠራል፤ አብሮ መምታት አይጠይቅማ።

ወደ ስክሪኑ እንዲያይ አይጠየቅ። ጀርባውን ሰጥቶ እየሰማ ሊሆን ይችላል። መወዛወዙን፣ እጁን ማራገቡን ለማስቆም አይሞከር፤ ከፈለጉ የዘፈኑን ፍጥነት ከመወዛወዙ ይውሰዱ። እሱ የሚሰማውን ድምፅ መጠን ከተራ ወሬ ከፍታ አያሳልፉ። የዓለም ጤና ድርጅትና የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ በ2019 ባወጡት መስፈርት ለልጆች በጆሮ ማዳመጫ 75 ዴሲቤል ለሳምንት 40 ሰዓት ይላል። ለድምፅ ስሱ የሆነ ልጅ ግን ከዚህ በታች ባለውም ሊጨነቅ ይችላል፤ መለኪያው የልጁ ፊትና እጅ ነው። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል የስክሪን ማስጌጫ አይጠቀሙ፤ የሚጥል በሽታ ኦቲስቲክ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። ሰው ሠራሽ ዳራም ይተዉ፦ ከበሮውንና ጣትዎን እየቆራረጠ ያጠፋዋል።

በመናገሪያ ታብሌት ለሚጠቀሙ ተገልጋዮች፦ የታብሌቱ ስፒከር ለማይኩ ቅርብ ይሁን፣ ሰውዬው እየጻፈ ሳለ አይሙሉበት። ግማሽ ደቂቃ ዝምታ በጥሪ ላይ ረዥም ይመስላል፤ ለሚጽፍ ሰው ግን አጭር ነው። አዋቂ ከሆነ ካሜራ ማጥፋትና በጽሑፍ ብቻ መመለስ ሙሉ ተሳትፎ ነው።

---

አውጪና_ተቀባይ

ስለ ድምፁ ትክክል ነዎት፤ "መዝጋት" ያልኩትን "ወደ ሩብ ዝቅ ማድረግ፣ ዓይን ምስሉ ላይ" ብለው ይውሰዱት። ሌላ ሰው ከልጁ ጋር ከሌለ ደግሞ ይህን ዘዴ ጭራሽ መጠቀም የለብዎትም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ካሜራ ላይ ራስዎን የሚያዩት እንደ መስታወት ተገልብጠው ነው፤ ልጁ ግን የሚያይዎት ሳይገለበጡ ነው። "ቀኝ እጅ" እያሉ አይምሩ፤ "ከበሮ የያዘው እጅ" ይበሉ፣ ወይም አንዱ እጅዎ ላይ ባለ ቀለም ጨርቅ ይሰሩ።

---

ቃና_በርቀት

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ምስሉ በዘፈኑ መሃል ሲቆም ልጁ ክፉኛ ይረበሻል፤ ምን ይደረግ? ሁለተኛ፣ "ምላሽ ለመስጠት የፈጀበት ጊዜ" ብዬ የምመዘግበው ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ይዋዥቃል። እናቱም "ይህ በአካል ከሚሰጠው እኩል ነው ወይ?" ብላ ጠይቃኛለች።

---

መዝገብ_ያዥ

ቁጥሩ የሚዋዥቀው ከልጁ ይልቅ ኔትወርኩን እየለኩ ስለሆነ ነው። እርስዎ ጋ ሆነው የሚቆጥሩት ጊዜ የልጁ ምላሽ ጊዜና የደርሶ መልሱ መዘግየት ድምር ነው፤ መዘግየቱም በየደቂቃው ይለዋወጣል። በሽቦና_ድምፅ ዘዴ አማካዩን ለክቶ መቀነስ ይቻላል፤ ግን ግምት ነው። የተሻለው እናቱ በሌላ ስልክ ክፍሉን እንድትቀዳና ጊዜውን ከዚያ ቅጂ እንዲለኩ ነው፦ የእርስዎ ሐረግ በታብሌቱ ስፒከር ካበቃበት እስከ ልጁ የመጀመሪያ ምት። ያኔ መዘግየቱ አይገባበትም። ለቅጂው የጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ፣ በምን መንገድ እንደሚላክልዎትና መቼ እንደሚጠፋ በፈቃዱ ላይ ይጻፉ።

መቅዳት ካልተቻለ ጊዜ መለካቱን ይተዉና ይቁጠሩ፦ ማንም ሳያስታውሰው ስንት ጊዜ ጀመረ፣ ስንቱ ተራ ያለ እገዛ አለፈ፣ ስንቱ እናቱ ካሳየችው በኋላ፣ "ይበቃኛል"ን ስንት ጊዜ ተጠቀመና ስንቱ ወዲያው ተከበረለት። የመጨረሻው የእናንተ መለኪያ ነው፣ የእሱ ሳይሆን። መስመሩ የተቆረጠበትን ደቂቃም በመዝገቡ ላይ ያስፍሩ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ከሌላው ጋር አይደመሩም።

ስለ መቋረጥ፦ አስቀድሞ የሚለማመዱት ጨዋታ ያድርጉት። "ስክሪኑ ቆሟል" የሚል ሥዕል ያለበት ካርድ እነሱ ጋ ይኑር። መስመሩ ደህና በሆነበት ቀን ራስዎ ቪዲዮዎን ለ10 ሰከንድ ያጥፉ፣ እናቱ ካርዱን ታንሣና ያንኑ ዘፈን በራሷ ድምፅ ትቀጥል፣ ከዚያ ይመለሱ። በሚቀጥለው ጊዜ 30 ሰከንድ ያድርጉት። እውነተኛው መቋረጥ ሲመጣ ሙዚቃው ክፍሉ ውስጥ አይቆምም። ደንቡ በወረቀት ይጻፍ፦ 1 ደቂቃ እናቱ ትዘምራለች፤ ካልተመለሰ በተራ ስልክ ይደውላሉ፤ 3 ደቂቃ ካለፈ በስልኳ ላይ አስቀድማ ያስቀመጠችውን የስንብት ዘፈን አጫውታ ክፍለ ጊዜውን ትዘጋለች። የጨዋታዎቹ ተራ የሚታይባቸውም ካርዶች በስክሪን ሳይሆን በእጅ የሚያዙ ይሁኑ፤ ስክሪን ላይ ካሉ መስመሩ ሲቆረጥ ቀጥሎ ያለው ምን እንደሆነም አብሮ ይጠፋበታል።

በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ያሉበትን አድራሻና ቤት ውስጥ ያለውን አዋቂ ያረጋግጡ። ልጁ ራሱን ቢጎዳ ወይም ከቤት ቢወጣ ወደ የት እንደሚደውሉ አስቀድሞ ይጻፍ፤ የእርስዎ አካባቢ የድንገተኛ ቁጥር ለእነሱ አካባቢ ላይሠራ ይችላል። ፈቃድዎም ልጁ ባለበት ቦታ ሕግ የሚሠራ መሆኑን ያጣሩ።

ለእናቱ ጥያቄ ያለማጋነን ይመልሱላት። በ2017 የታተመው ታይም-ኤ የተባለው ትልቅ ጥናት ከ4 እስከ 7 ዓመት የሆኑ 364 ኦቲስቲክ ልጆችን በ9 አገሮች ይዞ ነበር፤ ፈጥሮ በመጫወት ላይ የተመሠረተው የሙዚቃ ቴራፒ በአምስት ወር ውስጥ በማኅበራዊ ምልክቶች መለኪያ ላይ ከተለመደው እንክብካቤ የተለየ ውጤት አላሳየም። በ2022 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 26 ጥናቶችንና 1165 ተሳታፊዎችን አሰባስቦ በአጠቃላይ መሻሻል፣ በኑሮ ጥራትና በጠቅላላ የምልክቶች ክብደት ላይ ጥቅም አይቷል፤ በማኅበራዊ ግንኙነትና በንግግር ላይ ግን ከቴራፒው ማብቂያ በኋላ ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ታይም-ኤም የኮክሬኑ መረጃም የበሽታ መፈወሻ ተስፋ አይሰጡም፣ መስጠትም አይገባም። ለእናቱ "እኩል ነው" ወይም "አይደለም" ከማለት በእነዚህ ሦስት ዓላማዎች ላይ ስምንት ሳምንት ቆጥረው ውጤቱን አብረው ይዩት። ተራ መቀባበሉ በቤት ውስጥ ከእናቱ ጋር ያለ እርስዎም መታየት ከጀመረ ርቀቱ የሰጠው ጥቅም እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ ጭንቀቱ እየጨመረ ከሄደ ግን ስምንቱን አይጠብቁ፤ ወደ አካል ይመልሱት ወይም ወደ ተቀዱ አጫጭር ቪዲዮዎች ይቀይሩት፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ ልጁ በፈለገው ሰዓት የሚያያቸው።

---

ቃና_በርቀት

የ"ይበቃኛል" ካርዱ ምን ያህል ትልቅ ይሁን? ከየትስ ይቀመጥ?

---

መስማት_ይቀድማል

10 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ በወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፎ በፕላስቲክ የተሸፈነ፤ አንድ ሥዕልና አንድ ቃል ብቻ። ሁለት ያድርጉት፦ አንዱ ከበሮው አጠገብ ወለሉ ላይ፣ ሌላው ተነሥቶ በሚሄድበት አቅጣጫ ግድግዳው ላይ በትከሻው ከፍታ። እጁ በሚደርስበት ቦታ ካልሆነ አይጠቀምበትም።